ንፋስ የማያስገባው ክፍል

ትብለጥ ደረጃ ያላወጣችለት ነገር የለም። አማን ከተማ፣ ኡም ሱማቅ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በሰዓት እየተከፈላት ቤት የምታጸዳ ሐበሻ ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ የማታውቅ ካለች ደረጃዋ ገና አልተነገራትም ማለት ነው። ማዳሞችን በሦስት ትከፍላቸዋለች። አንደኛ ደረጃዋ ቁልፉን ሰጥታሽ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ቤት ውስጥ ሆና ስልክ ታወራለች። ሦስተኛዋ አሁን የወለወልሽውን ጠረጴዛ በጣቷ ጠርጋ፣ ጣቷን አፍንጫሽ ላይ ትደቅናለች። ለፉል ቤቶች፣ ለታክሲ ሾፌሮች፣ ለቄስ ድምፅ፣ ለሰው ባል (በተለይ ለሰው ባል) ሁሉ ደረጃ አላት። አንድ ቀን መሐል አማን ስልኳን ልታሠራ ሄዳ ጠጋኙን፣ «አንተ እንኳ ሦስተኛ ነህ፣ ወንበርህ ግን አንደኛ ነው» ብላው መጥታለች። በአማርኛ ስለሆነ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት።

የራያ ሰው ናት። አማን የመጣችው እንደ ሁላችንም በኮንትራት፣ ሰው ቤት ልታድር ነው። የመጀመሪያ አሠሪዋ ከአልጋ የማትነሳ አሮጊት ሃጃ ነበረች። ትብለጥ ሃጃዋን እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ የጎረቤቱን ወሬ እየለቀመች እያቀበለች፣ ኮንትራቱ ካለቀም በኋላ ብዙ ቆየች። ሃጃዋ ስታርፍ ከገዛ ልጆቿ በላይ ያለቀሰችው ትብለጥ ነበረች ይባላል። እሷ ግን ይህንን አትቀበልም። «ሐሰት ነው፤ ከትልቋ ልጅ እኩል ነው ያለቀስኩት» ትላለች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ማደር አልፈለገችም። ኡም ሀሰን የምትባል ባልቴት ሕንፃ ጣሪያ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። ክፍሏ በውኃ ታንከሮችና በሳተላይት ሳህኖች መሐል የተቀመጠች የብሎኬት ሳጥን ናት። በሯ ቆርቆሮ ነው። የመስኮቷ አልሙኒየም ከተገጠመ ጀምሮ ከግድግዳው ጋር ተኳርፏል። በሙቀቱ ወራት ውስጧ ዳቦ ይጋገራል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ፍሪጅ መግዛት አያስፈልግም። አማን ክረምቱ የእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። የድንጋይ ሕንፃዎቹ ብርዱን ውጠው ሌሊቱን ሙሉ መልሰው ይተፉታል። ሰው ሁሉ በዊል የሚገፋ የጋዝ ማሞቂያ አለው፤ እዚያ ሶባ ይሉታል። የትብለጥ ሶባ ከፊቱ ያለውን ጉልበት ይጠብሳል፤ ጀርባን አያውቅም።

ሄዋን ወደዚህች ክፍል የመጣችው ኮሮና በገባ ሰሞን ነው። ሳይረን ተነፍቶ ከተማው ሲዘጋ፣ የምትሠራበት ቤት ሰዎች «ለጥቂት ቀን ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ» ብለው ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጡላት። ዘመድ የላትም። ትብለጥን የምታውቃት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሁለት ጊዜ ሰላም ብላት ነው። ትብለጥ፣ «ለአንድ ሳምንት» ብላ አስገባቻት። ሳምንቱ ዓመት ሊሞላው ነው።

ሁለቱ አይመሳሰሉም። ትብለጥ ከእንቅልፏ እያወራች ትነሳለች። ሄዋን ገና ሃያዎቹ መሐል ናት፤ ቃል ስታወጣ ከኪሷ ሳንቲም የምታወጣ ይመስላታል። ሰኞ የተነገራት ቀልድ ረቡዕ ይገባታል፤ ሰው ቤት መስታወት እየወለወለች ብቻዋን ስትስቅ ማዳሞቹ ይደነግጣሉ። ትብለጥ ለዚህች ልጅ እስከ ዛሬ ደረጃ አልሰጠቻትም። ስትጠየቅ፣ «እሷ ገና እየታየች ነው» ትላለች።

ነገሩ የጀመረው ዳቡቅ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ነው። ትብለጥ እዚያ ማዳም ሪም የምትባል ሴት ትልቅ ቪላ ታጸዳለች። አንድ ቀን አንድ ኢንጂነር መጥቶ ዋናው በር ላይ ትልቅ ቬንትሌተር ገጥሞ አስጮኸው። ከዚያ እርሳስ የምታክል ጭስ የምታወጣ ነገር ይዞ በየመስኮቱ ጠርዝ እየዞረ ጭሱን አተኩሮ ሲያይ ዋለ። ትብለጥ ለበረሮ ነው ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ በሩ ጎን አንድ ነገር ተለጥፏል። አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከሥሩ ቀይ። ትብለጥ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ማዳም፣ ባለቤትሽ እኛ ኤምባሲ ሥራ ጀመሩ እንዴ?»

«የቱ ኤምባሲ?»

«የኢትዮጵያ። ባንዲራችንን አያለሁ።»

ማዳም ሪም ማስኳን እስክታወልቅ ሳቀች። ባንዲራ ሳይሆን የቤቱ ደረጃ መሆኑን ነገረቻት። ኢንጂነሩ ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያባክን መርምሮ ውጤት ይሰጣል፤ አረንጓዴው ጥሩ፣ ቀዩ መጥፎ። «የእኛ ኤ አገኘ» አለች።

«ኤ ማለት?»

«አንደኛ።»

ትብለጥ ዝም አለች። ዝም ማለቷን ማዳም ሪም እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

«ቤት ደረጃ ይወጣለታል? ለዚህ ሰውዬው ይከፈለዋል?»

«አዎ፤ ሥራው ነው።»

ያን ቀን ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር ለሄዋን ያወራችው። «ሥራዬን ሰረቁኝ! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት በነፃ! ደሞ ቤቱን ብታዪው፤ በዚህ ብርድ በካልሲ ነው የሚሄዱት። ልጆቹ በካናቴራ! መስኮቱ መስታወት በመስታወት ላይ ነው፤ ግድግዳው ስፖንጅ በልቷል አሉ። ንፋስ የሚባል አይገባም፣ ሙቀት የሚባል አይወጣም። ለሠራተኛ የሚሆን ክፍል እንኳ አላቸው፤ ከኡም ሀሰን ሳሎን ይሞቃል። ዝምተኛ ልጅ ይፈልጋሉ፣ አዳሪ። እኔን አይሆኑኝም፤ ዝምተኛ አሉ እኮ።»

ሄዋን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ሰማቻት። ጣቶቿ በብርዱ አብጠው ቀልተዋል፤ ከኅዳር ጀምሮ ሳሏ አልለቀቃትም። በሦስተኛው ቀን ሻይ እየጠጡ፣ «ያቺ የዳቡቋ ማዳም ሰው አገኘች?» ብላ ጠየቀች።

ትብለጥ ሻዩን ዋጠች። አፏን ያቃጠላት ሻዩ እንዳይመስላችሁ።

«ምነው?»

«ልግባላት ብዬ ነው። ብርዱ አቃተኝ፣ ትብሌ። ደረቴ ያመኛል።»

«ግቢያ! እኔ ይዤሻለሁ? በር ክፍት ነው።»

«ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ አልኳት።»

«ቁጥሯንም አግኝተሻል!»

«አንቺ ስልክ ላይ ነው ያገኘሁት።»

ትብለጥ ሰው ሲሞት ታለቅሳለች፣ ሰው ሲወለድ እልል ትላለች፣ ሰው ሲያሳፍር ታሳፍራለች። «አትሂጂብኝ» የምትለው ቃል ግን ከአፏ አትወጣም፤ ከራያ ስትመጣ እዚያው ረስታታለች። ስለዚህ ስንጥቅ መድፈኛ ሲልከን ገዛች።

ሲልከን ብቻ አይደለም። ባለ ማጣበቂያ ስፖንጅ፣ ቴፕ፣ የፍራሽ ላስቲክ ሁሉ ሰበሰበች። የሕንፃው ዘበኛ አቡ ሰይድ ግብፃዊ ነው፤ ሰው የሚጥለውን ሁሉ የሚያስቀምጥ ደግ ሽማግሌ። ከእሱ ደግሞ አሮጌ ምንጣፍና የሲልከን መግፊያ አመጣች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «ኢንጂነር ሆኛለሁ» አለችው፤ እሱም «መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

የቀራት ንፋሱ የት የት እንደሚገባ ማወቅ ነበር። የዳቡቁ ኢንጂነር የያዘው ዓይነት ጭስ የላትም። ጧፍ ግን አላት። ቤተ ክርስቲያኑ በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ሳይበራ የተቀመጠ ሙሉ እስር። አንዱን ለኮሰችና በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ሥር፣ በሽቦው መግቢያ እያስጠጋች መዞር ጀመረች። ነበልባሉ ቀጥ ሲል ታልፈዋለች። ሲንጋደድ፣ «አገኘሁህ!» ትላለች።

ሄዋን ከሥራ ስትገባ በዚህ ሁኔታ አገኘቻት።

«ቅዳሴ ነው እንዴ?»

«ዝም በይ፤ ንፋስ እያደንኩ ነው።»

«ጧፍ ለዚህ ይሆናል?»

«እግዜር ብርድ ይወዳል ብሎ የነገረሽ ማን ነው? ያን ቴፕ አቀብዪኝ።»

በሁለት ቀን ክፍሉ ታሸገ። መስኮቱ በላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ በምንጣፍ ተሸፈነ። በሩ ዙሪያውን ስፖንጅ ለበሰ፤ ለመክፈት ትከሻ፣ ለመዝጋት ዳሌ ይጠይቅ ጀመር። ከበሩ በላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ ነበረች፤ ጧፉን አጥፍታባት ትብለጥን ክፉኛ አናደደቻት። እሷን በሹራብ እጅጌ ጠቀጠቀቻት። መጨረሻ ላይ ከበሩ በውስጥ በኩል አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ለጥፋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«በይ ኢንጂነሩን ጥሪልኝ።»

እውነትም ሞቀ። ሐሙስ ዕለት ሄዋን ካልሲዋን አወለቀች። ትብለጥ አየቻትና ፊቷን አዞረች፤ ደስታዋ እንዳይታወቅባት መሰለኝ። «ዳቡቅ ምን አላት?» አለች ለግድግዳው። ሄዋን፣ «ዳቡቅ ቢያንስ መስኮት አላት» አለች። በሄዋን ሚዛን ይህ ረጅም ንግግር ነው።

በማግሥቱ አርብ ነው። አርብ አርብ ሙሉ ቀን ሰዓት እላፊ ነበር፤ ከቤት የወጣ ይቀጣል። ውጭ ዝናቡ ታንከሮቹን ይደበድባል። ትብለጥ ከጠዋት ጀምራ ሶባውን በሦስቱም ዓይኑ ለኮሰችው፤ ነገ ቅዳሜ መሆኑ ከአእምሮዋ አልወጣም፤ ልጅቷ ሙቀት ጠግባ እንድትወስን ፈልጋለች። ምስር ጣደች፣ አወራች፣ የማዳሞችን ደረጃ ከለሰች።

ወደ እኩለ ቀን ሄዋን ራሷን ያዘች።

«ያመኛል።»

«ምንሽን?»

«ራሴን። ይከብደኛል።»

ትብለጥ አተኩራ አየቻት። እሷንም ከጠዋት ጀምሮ ግንባሯን እየወጋት ነበር፣ ግን አልተናገረችም። ሆዷም ይገላበጣል። ሁለቱም ተያዩ፤ ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ። ያኔ ራስ ቢያምም፣ ቢደክምም፣ ማስነጠስ ቢመጣም ስሙ አንድ ነበር።

«ኮሮና ነው» አለች ሄዋን።

«ምስሩ ይሸትሻል?»

«ይሸተኛል።»

«እንግዲያው አይደለም።»

«ለሁሉም አይጠፋም አሉ እኮ።»

«እንዳትንቀሳቀሺ። ብርድ ካገኘሽ ሳንባሽ ይገባል።» ትብለጥ ተነስታ ሶባውን ወደ ሄዋን አስጠጋችላት። በበሩ ሥር ፎጣ ጨመረች። እንደ እናት ያደረገችው ነው፤ ክፋቱም እሱ ነበር።

አምቡላንስ መጥራት በሁለቱም አእምሮ መጣ፤ ሁለቱም አልተናገሩትም። የሄዋን የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት አሁንም በቀድሞ አሠሪዎቿ ስም ነው፤ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወረቀት ይጠይቁ አይጠይቁ ማን ያውቃል። ኡም ሀሰን ከሰማች ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ክፍል የሚባል ነገር የለም።

ትንሽ ቆይታ ሄዋን ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተነሳች።

«የት ልትሄጂ?»

«ውጭ። ታንከሮቹ ጋ እቀመጣለሁ።»

«በዝናብ! አብደሻል?»

«አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። ትልቅ ሰው ነው የሚገድለው አሉ።»

«ትልቅ ሰው እናትሽ ናት! ተቀመጪ፤ እኔ ነኝ የምወጣው» አለች ትብለጥ፣ ልትነሳም ሞከረች። ጉልበቷ እምቢ አላትና ፍራሹ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች። ሄዋን በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣችና ሙቀት እንዳይወጣባት ከኋላዋ ጠርቅማ ዘጋችው።

በሁለት ታንከር መሐል፣ ዝናቡ በማይደርስበት ጥግ ተቀመጠች። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። ብርዱን ግን ሳመችው ብል አላጋነንኩም፤ ምክንያቱም እየቆየ ሲሄድ ራሷ ቀለለላት። ሆዷ ተረጋጋ። ዓይኗ ጠራ። ወዲያ ማዶ የዳቡቅ ቪላዎች በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲሉ አየች። ኮሮና እንዲህ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ዓለም ምን አስደነገጠው ብላ አሰበች።

«ትብሌ! ለቀቀኝ!» ብላ ጮኸች።

መልስ የለም።

ትብለጥ መልስ አለመስጠቷ፣ ይህ ከሳይረኑም በላይ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ሄዋን እስከዚያ ቀን ድረስ ትብለጥ አንድ ጥያቄ ሳትመልስ ስታልፍ አይታ አታውቅም። ሮጣ በሩን ሳበችው። ስፖንጁ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በሁለት እጇ ጎተተችው፤ በሩ ተቀደደ ማለት ይቀላል። ትብለጥ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ወድቃለች፤ ከንፈሯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ግማሽ ነው። ሄዋን ብብቷን ይዛ መጎተት ጀመረች። ትብለጥ ቀላል ሴት አይደለችም፤ ሄዋንም ጠንካራ አይደለችም፤ ከፍራሹ እስከ በሩ ያለው መንገድ በሕይወቷ የሄደችው ረጅሙ ነው ትላለች።

ዝናቡ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ትብለጥ ዓይኗን ገለጠች። የመጀመሪያ ቃሏን ሄዋን በመስቀል ምላ ትናገራለች።

«በሩን ዝጊው… ሙቀቱ አለቀ።»

ከዚያ አስመለሳት።

ጩኸቱን ሰምቶ አቡ ሰይድ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። «ኮሮና!» ሲሉት ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ማስኩን አፍንጫው ላይ አስተካከለ፤ ከዚያ በተከፈተው በር ውስጥ አሻግሮ አየ። ሶባው በሦስት ዓይኑ ይነድዳል። መስኮቱ ላይ የእሱ ምንጣፍ አለ። የሲልከን መግፊያው ጥግ ላይ ተጋድሟል። ከበሩ በላይ ያለችው ቀዳዳ የሹራብ እጅ ታወዛውዛለች። ሽማግሌው ገብቶ ሶባውን አጠፋና ምንጣፉን ከነቴፑ ገነጠለው።

«እብዶች ናችሁ? ይሄ ኮሮና ነው? ሶባው ነው! አየሩን በላው! በየዓመቱ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሌት ተቀን ይጮሃል እኮ!»

ትብለጥ ታንከሩን ተደግፋ፣ ሞታ ስትነሳም ክርክር አትተውም፤ «ቴሌቪዥኑ ያለው ‹ሶባ ለኩሳችሁ አትተኙ› ነው። ተኝተን አይደለም። ቁጭ ብለን ነው» አለችው።

«ጋዙ ቁጭ ማለትሽን በምን ያውቃል!»

ሄዋን ውኃ አጠጣቻት፣ ጀርባዋን አሸች። አቡ ሰይድ ማራሚያ በሚሉት ቅጠል ሻይ አፍልቶ አመጣ፤ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ብሎ ቢለምናት እምቢ አለች። እስኪመሽ ድረስ ግን ከአጠገቧ አልተነሳም፤ ከተኛች ልትሞትብኝ ትችላለች ብሎ የማዳም ደረጃ ያስቆጥራት ነበር። ኡም ሀሰን ስንተኛ እንደሆነች ሲጠይቃት ብቻ፣ የአከራይዋን ደረጃ አልናገርም አለች፤ ያኔ አእምሮዋ እንደተመለሰ አወቀ።

በኋላ፣ ራሷ ሲጠራላት፣ ትብለጥን ያበሳጫት ሌላ ነገር ነው። የማዳም ሪም ቤት ኮርኒስ ላይ ትናንሽ ወንፊት የለበሱ አፎች አሉ፤ በየሳምንቱ መሰላል ላይ ወጥታ አቧራቸውን የምትጠርገው እሷው ናት። ጌጥ ይመስሏት ነበር። ማዳም ሪም በስልክ ስትነግራት ግን፣ ቤቱ ንፋስ እንዳይገባው የተደረገውን ያህል ንጹሕ አየር እንዲገባው ደግሞ ማሽን አለው፤ ኢንጂነሩ ደረጃ ሲሰጥ እሱንም አይቶታል። «እና ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ትብለጥ። «ለባንዲራው ስትሰግጂ ጊዜ አልሰጠሽኝም» አለቻት ማዳም ሪም። ትብለጥ ይህችን ማዳም በዚያው ደቂቃ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ አወረደቻት።

ያ ስልክ ግን የተደወለው ለትብለጥ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ማዳም ሪም የደወለችው መልስ ልትሰማ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ትብለጥ ስልኩን ለሄዋን አቀበለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ማለት የተኛ ሰው አስመሰለች። መስኮቱ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። ብርድ ልብሱ ሁሉ ትብለጥ ላይ ተቆልሏል። ሄዋን ጃኬቷን ለብሳ፣ ካልሲዋን በካልሲ ላይ ደርባ ቁጭ ብላለች።

«እሺ ሄዋን፣ መቼ ትመጫለሽ?» የማዳም ሪም ድምፅ ከስልኩ ጎልቶ ይሰማል። «ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ሙቀቱን ትብለጥ ነግራሻለች።»

«ነግራኛለች፣ ማዳም።»

«እና?»

ሄዋን ትብለጥን አየቻት። የተኛ ሰው ትንፋሽ ይወጣል ይገባል፤ የትብለጥ ትከሻ ግን ቆሟል።

«ይቅርታ፣ ማዳም። አልመጣም።»

«ለምን? በዚያ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔ ከወጣሁ ይቺ ሴትዮ መስኮቱን ትዘጋዋለች።»

ማዳም ሪም አልገባትም፤ ኢንሻላህ ሌላ ሰው ጠቁሙኝ ብላ ዘጋች።

«ትዘጋዋለች?» አለ ግድግዳው። «እኔ ሕፃን ነኝ?»

«ተኝተሽ አልነበር?»

«በዚህ ብርድ ማን ይተኛል!» ትብለጥ ተገላበጠች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሶባው ነው ልትል ትችል ነበር፣ ግን ሶባው ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። የተቆለለውን ብርድ ልብስ ገልጣ ከጎኗ ያለውን የፍራሽ ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ነይ ወዲህ እለፊ፤ እዚያ ጋ ንፋሱ ደረትሽን ይመታሻል።»